ቅርሳችንና የሰፈራችን ፕላን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ቅርስን በአካባቢ ፕላን ስለ መጠበቅ ነው። እኛ ምሁር አይደለንም። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የፈጀነውም በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንቀበል፣ ቁጥር ስንሰጥ፣ ፋይል ስናወጣና ስናገባ ነው። ስለዚህ የምንናገረው እንደ ጸሐፊ ነውና ስሕተት ቢገኝበት ታርሙናላችሁ። ጸሐፊ ግን አንድ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ ጠያቂ የለውም።

እንደሚታወቀው ከተማችን ጎንደር የቅርስ ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል የመንግሥታቸው መቀመጫ ካደረጓት ከ1628 ዓ.ም ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ አንዱ ካንዱ አጠገብ አሠርተው ያለፉት ግንብ፣ 900 ሜትር ያህል በሆነ አጥር ተከቦ ዛሬም ቆሟል። በ1972 ዓ.ም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 መሆኑ ነው፣ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ብዙ ሰው ግን የተመዘገበው ግቢው ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለበት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም አለበት፣ የፋሲል መዋኛ ማለት ጥምቀተ ባሕሩ አለበት፣ ከከተማው ርቆ እንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ አለበት፣ በጣና ዳር ያለችው ጎርጎራም አለችበት። ነገሩ የአንድ ግቢ ሳይሆን የአንድ አገር ነው ማለት ነው። አገሩን ሁሉ በአንድነት አይቶ ካልታቀደ በቀር አንዱን እየጠበቁ ሌላውን መጣል ይመጣል።

ለምሳሌ ጥምቀተ ባሕሩን እንውሰድ። ውሃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ነው። እንግዲህ የቀሃ ራስጌ ደኑ ከተመነጠረ፣ ወንዙም የቆሻሻ መጣያ ከሆነ፣ ግንቡን በወርቅ ብንለብጠው ምን ይረባናል? ታቦታቱ የሚወርዱት ወደ ውሃ እንጂ ወደ ደረቅ ጉድጓድ አይደለም። ስለዚህ ጥምቀተ ባሕሩን መጠበቅ ማለት ከላይ ያለውን ገበሬ፣ መሐል ያለውን ነጋዴና ከታች ያለውን ካህን በአንድ ወንበር አስቀምጦ ማነጋገር ማለት ነው። ይኼ ነው እንግዲህ የአካባቢ ፕላን የሚባለው፤ ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም።

ሌላም አለ። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም እልል ብለናል። በዚያው ዓመት በጥር 11 ቀን እዚያው ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ለሕዝብ መቀመጫ የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋ። የደስታው ቀን የለቅሶ ቀን ሆነ። እኛ የዕድር ሰዎች ነንና ድንኳን መትከል ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ያን ቀን የተማርነው ግን ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ አስቀድሞ ካልታሰበለት ቅርሱም ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ነው። የታቦቱ መንገድ ስፋቱ፣ ሕዝቡ የሚቆምበት፣ አምቡላንስ የሚገባበት፣ ይህ ሁሉ በፕላን ላይ መሰመር አለበት።

ከተማን በፕላን መሥራት ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞም በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዝዞ ነበር፤ አዲስ ዓለም የእስላሙ ሰፈር ሆኖ የኖረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጣልያንም ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም በቆየበት ጊዜ ጌራርዶ ቦዚዮ በሚባል አርክቴክት ፕላን አስነሥቶ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምናያቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ያም ፕላን ቢሆን ነጩን ለብቻ፣ አበሻውን ለብቻ የሚያደርግ ነበር። ሁለቱም ከላይ የታዘዙ ናቸው፤ ሕዝቡን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን ዘመኑ ተለውጧል፤ ሕጉ ጠይቁ ይላል። ጥያቄው እኛ ስንጠየቅ እንመልሳለን ወይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህን ስንናገር እያፈርን ነው፤ ካልተናገርነው ግን ንግግሩ ከንቱ ነው።

ሁላችሁም የቀድሞዋን የዕድራችንን ዕቃ ቤት ታስታውሳላችሁ። በድንጋይና በኖራ የተሠራች፣ የእንጨት ደረጃ ያላት፣ ላይዋ ሰገነት የነበረች አሮጌ ቤት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ የመቃብር መቆፈሪያው ሁሉ እዚያ ነበር። ደጇ ላይ ዋርካ ነበረ፤ ዝናብ ሲመጣ ለቀስተኛው እዚያ ሥር ይጠለል ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ማለዳ ብንሄድ ግድግዳዋ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባታል። መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ተሰብስበን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። አንድ ትሑት ወጣት ተቀበለንና ፋይል አውጥቶ እያሳየን፣ "አባቶቼ፣ ከሰባት ወር በፊት ለውይይት ተጠርታችሁ ነበር እኮ። ደብዳቤው ደርሷችሁ ተፈርሞበታል። የመጣ ሰው የለም" አለን።

ፊርማውን አየነው። የዕድሩ ጸሐፊ ፊርማ ነው። የዚያን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ ዛሬ እዚህ ቆመን የምንናገረው እኛው ነን። ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት ሁለት ቀብር ነበረብን፤ ተቀበልነው፣ ቁጥር ሰጠነው፣ ፋይል ውስጥ አስገባነው፣ ለአባል ሳናነብ ረሳነው። አርባ ዓመት የሰው ፋይል በሥርዓት ስንጠብቅ ኖረን የራሳችንን ሰፈር ፋይል ውስጥ ቀበርነው።

ልጁ በዚህ አላበቃም። "ቤቱ ታሪክ ያለው ስለ መሆኑ ማስረጃ ካላችሁ አምጡና ጉዳዩ እንደገና ይታያል" አለን። ማን እንደ ሠራት፣ በማን ዘመን እንደ ተሠራች፣ ማን ማን እንደ ኖረባት የሚያውቅ ሰው ፈለግን። የምታውቅ አንዲት እናት ነበረች፤ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት እየላጠች የዚያችን ቤት ወሬ ታጫውተን ነበር። እኛ ግን ወሬ ነው ብለን ሰማን እንጂ አልጻፍነውም። ያችን እናት ከዓመት በፊት እኛው በክብር ቀብረናታል። ስሟ፣ ያረፈችበት ቀን፣ ለቤተሰቧ የተከፈለው ገንዘብ በመዝገባችን ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። የምታውቀው ግን ከሷ ጋር አፈር ገባ። ማስረጃ ሳናቀርብ ቀረን፤ ቤቷም ፈረሰች፣ ዋርካውም ተቆረጠ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዕድራችን የሟቾች መዝገብ አለው፤ የሰፈሩ መዝገብ ግን የለውም።

አንዳንድ ወጣት አባሎቻችን፣ "ቅርስ ይበላል እንዴ? ቤታችን ያፈሳል፣ ሽንት ቤት የለንም" ይሉናል። እውነት አላቸው። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ቀንሶ በአስጎብኝነትና በሸክላ ሽያጭ የሚተዳደረው ወገናችን ምን ያህል እንደ ተጎዳ ሁላችንም እናያለን። ሰውን በሚያፈስ ቤት ውስጥ አስቀምጦ "ቅርስ ነህና አትነካካ" ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ይኼም ቢሆን የሚፈታው በፕላን ነው። የትኛው ቤት እንደ ጥንቱ በኖራ ይጠገን፣ የቱ ይፍረስ፣ ሽንት ቤቱ የት ይውጣ፣ ጥገናውን በማን ፈቃድና በማን ወጪ ይሠራ የሚለው አስቀድሞ ተነጋግረውበት ከተጻፈ ድሀውም ቤቱን ያድሳል፣ ቅርሱም አይጠፋም። ካልተነጋገሩበት ግን ድሀው ሌሊት በድብቅ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ደግሞ የውስጡን እርጥበት አምቆ ይይዛል፤ እንደ ኖራ አያስተነፍስም፣ ድንጋዩም ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ቤቱም ሰውየውም ይጎዳሉ።

ሕጉንም አንርሳ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ፕሮጀክት ሲታቀድ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። በ1992 ዓ.ም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በ2000 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ወጥተዋል፤ የኋለኛው ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዝዛል። መብት ግን እንደ ዕድር መዋጮ ነው፤ ቀኑን ጠብቀህ ካልተገኘህ ያልፍሃል።

ጎንደር ብዙ አይታለች። በ1880 ዓ.ም ድርቡሽ ሲመጣ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። በጣልያን ማብቂያ ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል የዐፄ ኢያሱ ግንብ ተጎዳ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም ቤተ እስራኤል ወንድሞቻችን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወለቃ ላይ የቀረው ቤታቸውና የሸክላ ሥራው ነው። ይህ ሁሉ በጦርና በስደት የደረሰ ነው። የእኛዋ ዕቃ ቤት ግን ጦር አልመጣባትም። የጠፋችው ደብዳቤ ባለ መነበቡ ነው። ይህ ይከነክነናል።

አሁን ለሰፈራችን አዲስ ፕላን ሊዘጋጅ ነው መባሉን ሰምታችኋል። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሰፈር መዝገብ እንክፈት። ኮሚቴው አምስት ሰው ይምረጥ፤ ሁለቱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች፣ ከነሱም አንዷ ሴት ትሁን፤ የእናቶችን ጨዋታ አስጥቶ የሚጽፍ ሴት ልጅ ናትና። አሮጌ ቤት፣ ምንጭ፣ ዛፍ፣ የታቦት መንገድ፣ የጥንት መቃብር፣ የገበያ ቦታ፣ ሁሉም በየተራ ይጻፍ። ማን ነገረን፣ መቼ ነገረን የሚለው አብሮ ይጻፍ። ወጣቶቹ ስልክ ይዘዋልና ፎቶግራፍ ያንሱ። እያንዳንዱ መዝገብ በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ዕድሩ ዘንድ፣ አንዱ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ይሰጥ፤ ስንሰጥም በፊርማ እንስጥ።

ሁለተኛ፣ ለዕድሩ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በወር መዋጮ መሰብሰቢያ ቀን ከገንዘቡ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጸሐፊ ሳያነብ ፋይል ውስጥ ቢያስገባ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። ይህን ስንል ቅጣቱን አስቀድመን የምንከፍለው እኛ ነን፤ ገንዘቡንም ይዘን መጥተናል።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። ከላይ ያሉት የቀሃ ዳር ዕድሮች፣ አዲስ ዓለም ያሉት ወገኖቻችን፣ ከእኛ በታች ያሉትም ተጠርተው አንድ ላይ እንምከር። ውሃውም መንገዱም በሁላችንም ደጅ የሚያልፍ ነውና አንድ ዕድር ለብቻው የሚያቀርበው አቤቱታ ከብዙዎቹ ድምፅ ጋር አይተካከልም።

ክቡራን አባላት፣ ዕድር አባቶቻችን ያቆዩልን ትልቅ ቅርስ ነው። ሰው ሲሞት ሳንጠራ እንሄዳለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ይህንኑ ትጋት ለቆመው ነገር ብናውለው ምን ይከብዳል? ከመካከላችን ብዙ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ቀብራቸው ላይ ከምንናገርላቸው በፊት ቤታቸው ሄደን እነሱ ሲናገሩ እንስማቸው። በዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ከሰፈራችን በዕድሜ ከሚበልጡት እንጀምራለን፤ አብሮን የሚሄድ ስብሰባው ሲያበቃ ስሙን ያስመዝግብ።