ቱቦ ስናጎብጥ ክቡ እንዳይጨፈለቅ
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም፤ ስለ ቱቦ ነው። በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር በሞተር ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ታለማላችሁ። ከእናንተ ውስጥ የሶላር ፓምፕ የተከላችሁም አላችሁ። ውሃው ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ተነስቶ ማሳ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚፈጠረው በዚያች መዞሪያ ላይ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የዛሬ አራት ዓመት አንድ አባወራ ለሽንኩርት ማሳቸው 50 ሚሊ ሜትር ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማለትም ፖሊ የምንለውን፣ ዘረጉ። ማሳው ጥግ ላይ ቱቦው መዞር ነበረበት። በገበያ ጎሚቶ የምንለው የክርን ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ በአካባቢው አልተገኘም። እኔም «እሳት አሳይተን እናጥፈው» አልኩ። አጠፍነው፤ ሲያዩትም ያማረ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ግን ፓምፑ እየሠራ ሳለ በእሳት የሳሳው የውጭ ጎኑ ፈነዳ። ሌላ ቱቦ ተገዝቶ፣ የውሃ ተራም ተጠብቆ እስኪጠጣ ድረስ ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ወቅት ብዙ ቀን ተጠማ። ምርቱ ደቀቀ። እኚያ አባት አልተቆጡኝም። «አንቱ ስላሉኝ ነው እንጂ እኔስ ልቤ አልወደደውም ነበር» አሉኝ ብቻ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም እንደኔ የምትታመኑ ሰዎች ስለሆናችሁ ነው። ሞዴል አርሶ አደር በማሳው ያደረገውን ጎረቤቱ ሳይጠይቅ ይደግመዋል። ስህተታችን በአንድ ማሳ አይቀርም።

የዛሬው ትምህርት አንድ ቁም ነገር አለው፦ ቱቦ እንደ ጨርቅ አይታጠፍም፤ ይጎብጣል እንጂ። ሲጎብጥም ክብነቱን መጠበቅ አለበት። የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ መሐሉ ላይ ጠብቦ 25 ቢሆን የቀረለት መተላለፊያ ግማሽ አይደለም፤ ሩብ ነው። ውሃውን ከጠባቧ ቦታ ለማሳለፍ የምታቃጥሉት ነዳጅ ነው። ጥበቱ በመምጠጫው በኩል ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፕ ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ከዝቅተኛ ጥልቀት ብቻ ነው መምጠጥ የሚችለው። ባለው ትንሽ አቅም ላይ ጥበት አንጨምርበት። የመምጠጫው ቱቦ ከወንዙ እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይውጣ። መሐሉ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ከጎበጠ አየር እዚያ ይጠራቀምና ፓምፑ መሳብ ያቆማል።

አሁን እንደ ቱቦው ዓይነት እንሂድ።

አንደኛ፣ ጥቁሩ ፖሊ። ይህን ቱቦ እሳት አታሳዩት። በሰፊው እንዲዞር ቦታ ከሰጣችሁት በእጅ ይጎብጣል። ለጥንቃቄ የምንይዘው ልክ የቱቦው ውፍረት 30 እጥፍ ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ 1.5 ሜትር፣ ለ63 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 1.9 ሜትር ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ችካል ትከሉ፤ 1.5 ሜትር ገመድ እሰሩበት፤ የገመዱን ጫፍ ይዛችሁ እየዞራችሁ መሬት ላይ በአመድ አስምሩ። ቱቦው የሚሄደው በዚያ መስመር ላይ ነው። በመስመሩ ውስጠኛ በኩል በየግማሽ ሜትሩ ችካል ትከሉና ቱቦውን በእነሱ ላይ ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ለአንድ ሩብ ዙር ወደ 2.4 ሜትር ቱቦ ይወስዳል። ሲገዛ ይህን አስቡ። ሥራው እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ያሞቀው ፖሊ ይለዝባል። መጋጠሚያ በጉብጠቱ ላይ አይሁን፤ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ይሁን። ጥቅሉን ስትፈቱ ደግሞ ጫፉን አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝ። የተጠቀለለ ፖሊ ድንገት ከተለቀቀ ተፈናጥሮ ፊት ይመታል።

ሁለተኛ፣ ግፊት ያለው ውሃ የሚሄድበት ፒቪሲ። ይህን በማሳ ላይ አሙቆ ማጉበጥ አያዋጣም፤ የሞቀው ቦታ ይዳከማል። እዚህ ላይ ጎሚቶ ግዙ። ፒቪሲ በእሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ አሲድ አለበት። ከጉልቻው አጠገብ ልጆች አሉ፤ ቁራጩንም ቢሆን ማገዶ አታድርጉት።

ሦስተኛ፣ ነጩ የብረት ቱቦ፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው። ይህንንም ሳታሞቁ ብቻ አጉብጡት። ነጭ ያደረገው ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው። ከፍም ላይ ሲግል ልባሱ ይበላሻል፤ ጭሱን የሳበ ሰውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። በእኛ አካባቢ ይህን ያየ ሰው ወባ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ጋልቫናይዝድ ስታግሉ እንደዋላችሁም ለባለሙያው ንገሩ።

ሦስት ሩብ ኢንች ቱቦን እንዲህ አጉብጡ። ጥሩ አሸዋ በወንፊት ንፉና በምጣድ አድርቁ። ሲቀዘቅዝ የቱቦውን አንድ ጫፍ በእንጨት ውታፍ ደፍናችሁ አሸዋውን ሙሉ። ጎኑን በዱላ ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ፣ አሸዋው መጉደሉን እስኪያቆም ድረስ ጨምሩ፤ ከዚያ ሌላውንም ጫፍ ድፈኑ። አሸዋው የቱቦው ግድግዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይደግፈዋል። ጉብጠቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በቱቦው ርዝመት የሚሄደውን የብየዳ መስመር ፈልጉና ወደ ጎን አድርጉት፤ በጉብጠቱ ውጭ ከሆነ ይለጠጣል፣ ውስጥ ከሆነ ይታመቃል።

ብዙዎቻችን ቱቦውን በዛፍ ሹካ መሐል ከተን እንጎትታለን። የሚጨፈለቀው በዚህ ነው፤ ሹካው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይጫነዋል። በዚያ ፈንታ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ጉቶ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ቱቦውን ቸርኬው ላይ አስጠግታችሁ ጥቂት በጥቂት፣ ቦታ እየለወጣችሁ አጉብጡ። ኃይል ካነሰ ሰፋ ያለ ረጅም ቱቦ ጫፉ ላይ አጥልቃችሁ ማንሻ አድርጉት። በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አትሞክሩ። ብረት ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፉት። የሚፈለገውን ቅርጽ አስቀድማችሁ በሽቦ ሠርታችሁ ከያዛችሁ፣ እያስጠጋችሁ ማነጻጸር ነው።

ከዚያ ፈትሹ። አንድ ጣውላ ላይ ቀጥ ያለው ቱቦ ሳይጠብቀው የሚገባበት ቦይ ቁረጡ። ቦዩን ጉብጠቱ ላይ ከላይም ከጎንም አስገቡት። ከገባ ክቡ ተጠብቋል፤ አልገባ ካለ ቱቦው ጠፍጥፏል። የተጨራመተውን በመዶሻ ለማቃናት አትድከሙ፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። በመጨረሻም ውታፎቹን አውጥታችሁ አሸዋውን አራግፉ፤ ከማገናኘታችሁ በፊት በውሃ እጠቡት። የቀረ አሸዋ ፓምፕና ቧንቧ ይበላል።

አራተኛ፣ የሶላር ገመድ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ፣ ኮንዲዩት። ይህ ውሃ ስለማይሸከም ማጉበጥ ይቻላል። ለልኩ የተሠራውን ሞላ በገመድ አስራችሁ ወደ ውስጥ ክተቱ፤ ቱቦውን በእጃችሁ አሻሽታችሁ ካሞቃችሁ በኋላ በጉልበታችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ አጉብጡና ሞላውን በገመዱ ሳቡ። ቱቦው ከተጨፈለቀ ገመዱ ሲሳብ ልባሱ ይላጣል፤ የተላጠ ገመድ ደግሞ እርጥብ ማሳ ላይ ሰው ይገድላል። ከአንድ ሳጥን እስከ ሌላው ከአራት ሩብ ዙር በላይ አታዙሩ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ገመዱን ማገናኘት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከሰዓት በኋላ በማሰልጠኛ ማዕከላችን ቁርጥራጭ ቱቦ፣ ደረቅ አሸዋና ቸርኬ ተዘጋጅቷል። እያንዳንዳችሁ አንድ ቱቦ አጉብጣችሁ በቦዩ ትፈትሻላችሁ። ያልተሳካለት ይድገም፤ የሚበላሸው ቁራጭ ነው። ቤታችሁ ስትመለሱ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠማው በፊት መስመራችሁን እየዞራችሁ በእጃችሁ ዳብሱ፤ የተጨፈለቀውን ለዩ። ጎረቤታችሁም እሳት አንድዶ ቱቦ ይዞ ካያችሁት የእኔን ታሪክ ንገሩልኝ።