ጉድጓዱ በአንድ ቀን ሲዘጋ፣ ያ የእኛ ክብረ ወሰን ነው

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በሐዋሳ ከተማ ጉዱማሌ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በዘመናዊ የመኖ ማጨጃ ማሽን ክብረ ወሰን ስለመስበር የሚል ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ጥቂት ላሞች ያሉኝ አርሶ አደር ነኝ። ስለሆነም ርዕሱን በላም ባለቤት ዓይን አየዋለሁ።

የተሰበሰብንበት ቦታ ራሱ ስለ ከብት ያስተምራል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ፊቼ ጫምባላላ በድምቀት የሚከበረው እዚሁ ጉዱማሌ ነው። በዚያ በዓል ማዕዱ ቡርሳሜና ወተት እንጂ ሥጋ አይደለም፤ ከብቱም ለምለም ግጦሽ ላይ ይለቀቃል። አባቶቻችን አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት ከብታቸው ጠግቦ ሲያዩ ነው። ጥያቄው፣ ከብቱ በጥርና በየካቲትስ ምን ይበላል? የሚል ነው።

ወደ ክብረ ወሰኑ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በእንግሊዝ አገር ሊንከንሸር ውስጥ ኒው ሆላንድ ሲ.አር. 10.90 የተባለ ኮምባይነር በ8 ሰዓት ውስጥ 797 ቶን ስንዴ በመሰብሰብ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ነበር። በእኛ ቋንቋ 8 ሺህ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። የመኖ ማጨጃው የዚህ ማሽን ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ፍሬውን ከገለባው አለመለየቱ ነው። የበቆሎውን አገዳ ከነቅጠሉና ከነፍሬው ያጭዳል፤ በሚሽከረከር የቢላዋ ከበሮ ይከትፋል፤ ፍሬውን ይፈረካክሳል፤ ከዚያም በረጅም አንገቱ አጠገቡ በሚሄደው መኪና ላይ ይተፋዋል። ክሮነ ቢግ ኤክስ 1180 የተባለው የጀርመን ማሽን ሞተር ከ1,100 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው።

ይሁን እንጂ የዚህ ማሽን ባለቤቶች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ማጨጃው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ገፈራው በሚከማችበት ቦታ ላይ የሚረግጠው ከባድ ትራክተር ካልደረሰበት መኖው ይበላሻል። ስለዚህ የማጨጃው ፍጥነት የሚወሰነው በረጋጩ ነው። ክብረ ወሰኑ የማሳው ብቻ ሳይሆን የጉድጓዱም ነው።

ይህን እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ገፈራ ስሠራ ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ በቆሎውን በማጭድ እያጨድኩ፣ በገጀራ እየከተፍኩ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ሲመሽ ሳልሸፍን እተወዋለሁ፣ ሲነጋ እጨምርበታለሁ። በጋው ገብቶ ስከፍተው ጠቁሮ ሻግቷል፤ ላሟ አሽትታው ፊቷን አዞረች። መኖ ስላልነበረኝ በዚያው የካቲት አንዷን ጊደር ሁሉም በሚሸጥበት ሰዓት፣ በወረደ ዋጋ ሸጥኳት። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ጉድጓዱን አይታ፣ «ዋሳ እንዲህ ተደርጎ ቢቀበር ኖሮ እስከ ዛሬ ምን በላህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቶቻችን እንሰቱን ፍቀው፣ ጉድጓዱን በቅጠል አልብሰው፣ ጠቅጥቀው፣ በቅጠል ሸፍነውና በድንጋይ ተጭነው አየር ሳያገኘው ያብላሉታል። ገፈራ ማለት የከብት ዋሳ ነው። አየር ከገባ ይሻግታል፤ ካልገባ በውስጡ የሚፈጠረው አሲድ ለወራት ያቆየዋል። ዕውቀቱ በጓዳችን ነበረ፤ የጎደለን ፍጥነት ብቻ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጎረቤታሞች ተባብረን በሞተር የሚሠራ የመኖ መከትከቻ ተከራየን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማጨድ ጀመርን፤ ሁለቱ ያጭዳሉ፣ ሁለቱ ያመላልሳሉ፣ አንዱ ማሽኑን ያጎርሳል፣ የቀረነው እንረግጣለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፕላስቲኩን አልብሰን አፈር ጫንበት። በዓለም መዝገብ አይጻፍም፤ በእኛ ቀበሌ ግን ክብረ ወሰን ነበር።

እስቲ በቁጥር እንየው። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። በደንብ የተረገጠ ገፈራ በአንድ ሜትር ኩብ 6 ኩንታል ያህል ቢመዝን 54 ኩንታል እናገኛለን። ለአንድ ላም በቀን 15 ኪሎ ብንሰጥ ለሁለት ላሞች 6 ወር ይበቃል፤ የሚባክነውን ብንቀንስ እንኳ በጋውን ያሻግራል። መከትከቻው በሰዓት 10 ኩንታል ቢከትፍ ሥራው ከ6 ሰዓት አያልፍም።

«በቆሎውን ለከብት ከሰጠን እኛ ምን እንበላለን?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍሬው ሲጠና ከነአገዳው የተከተፈ በቆሎ የበለጠ ጉልበት ሰጪ መኖ ነው። ነገር ግን እሸቱን ለሐዋሳ ገበያ ሸጠን አገዳው ሳይደርቅ፣ በዚያው ሰሞን ብንከትፈው ሁለት ጊዜ እንጠቀማለን። ዝሆኔ ሣርም ይሆናል፤ እሱ ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት አጠውልጎ በውኃ የቀጠነ ሞላሰስ መርጨት ያስፈልገዋል። የተከተፈውን በእጅ ጨምቁት፤ ውኃ ከተንጠባጠበ ገና እርጥብ ነው፣ እጅ ሲከፈት ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። ከተዘጋ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር አይከፈት።

ክቡራትና ክቡራን፣

ማሽን ለማን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ አገራችን ቀድማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አርሲ ውስጥ የተጀመረውና ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ምርትን አሳድጓል። ሆኖም ባለርስቶች በየማሳቸው ትራክተር ሲያስገቡ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቅለዋል። ዛሬ በዚያው በአርሲና በባሌ አነስተኛ መሬት ያለው ገበሬ ኮምባይነር ሳይኖረው፣ በሚወቃለት ኩንታል ልክ እየከፈለ ስንዴውን በኮምባይነር ያነሳል። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ የለወጠው አሠራሩ ነው።

ከዚህ አንፃር ለዩኒየናችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ግዙፉን ማጨጃ ከመመኘት በፊት ለየመሠረታዊ ማኅበሩ መከትከቻ ይገዛ። አብዛኛው ማሳችን ከ1 ሄክታር በታች ነው፤ ግዙፉ ማሽን ዞሮ የሚመለስበት ቦታ የለውም። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና መካናይዜሽንና የእንስሳት መኖ ቴክኖሎጂዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱን የሥራ ኃላፊዎቻችን ያስታውሱልን፤ ጉዳዩንም እንዲያስፈጽሙልን እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ የምንዘራውን መኖ በኩታ ገጠም እናድርገው፤ የመከትከቻው ተራም በጽሑፍ ይያዝ። ተራ የሚያገኘው ጉድጓዱን የቆፈረ፣ ፕላስቲኩን የገዛና ረጋጮቹን ያዘጋጀ አባል ይሁን። ማሽኑ የእኛን ዝግጅት እየጠበቀ መቆም የለበትም።

ሦስተኛ፣ ኦፕሬተሮች ይሠልጥኑ፣ ቢላዋና ቺንጋ በመጋዘን ይኑር። ይህ ማሽን አገዳና እጅ አይለይም። አገዳ ሲቀረቀርበት ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም እጁን አያስገባ፣ የተንዘረፈፈ ልብስ የለበሰ አይጠጋ፣ ሕፃናትም አጠገቡ አይድረሱ።

ግዙፉም ማሽን ቀኑ ይመጣል፤ ማሳችን ሲገጥም፣ የላሞቻችን ቁጥርና የወተት ገበያችን ሲፈቅድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ወተት እንድናበዛ ተጠይቀናል። ወተት ግን የሚገኘው በአፏ ከሚገባው ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆንብን።

በመጨረሻም፣ በመጪው ዓመት እዚሁ ጉዱማሌ ስንገናኝ ስንት ማሽን ገዛችሁ ብላችሁ አትጠይቁን። ስንት ጉድጓድ በአንድ ቀን ተዘጋ? በየካቲት ስንት ጊደር ሳይሸጥ ቀረ? ብላችሁ ጠይቁን። የእኛ ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በዚያ ነው።