የአንድ ሊቅ ሥራ በምን ይለካል?

(በሳይንስ ክበባችን ስም በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ክበባችን በዚህ ቀን ንግግር እንዲያደርግ በታዘዘ ጊዜ ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ እንደምንናገር የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው የፈተናን ነገር ነው። ምክንያቱንም አንደብቅም። ባለፈው ዓመት በአንድ የቃል ፈተና እያንዳንዳችን ከሣጥን ውስጥ ብጣሽ ወረቀት እያነሣን፣ በደረሰን በአንዱ ጥያቄ ብቻ ተመዘንን። ሌሊቱን ሁሉ ሲያጠና ያደረው ጓደኛችን ያላያት አንዲት ጥያቄ ደርሳው ወደቀ። ሌላው ደግሞ አጥንቶ የመጣው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋው ደረሰችውና አለፈ። ስሙን አንጠራም፤ እዚሁ ተቀምጦ ይስቃል።

ይህንኑ ነገር ከእኛ በፊት ያሰቡበት ሐኪም መኖራቸውን ስናነብ ደስ አለን። እርሳቸውም በስኮትላንድ አገር በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሮናልድ ሃርደን ናቸው። (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን የሕክምና ተማሪ በፈተናው ቀን ወደ አንድ በሽተኛ አልጋ ቀርቦ ይመረምርና ያገኘውን ለፈታኞቹ ይናገር ነበር። በሽታው ግልጥ፣ ፈታኙም ገር ከሆነለት ያልፋል፤ በሽታው ሥውር፣ ፈታኙም ቍጡ ከሆነበት ግን ወዮለት። ማርኩ የተማሪውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ዕድሉንም ጭምር ይመዝን ነበር ማለት ነው። በእኛ ላይ ሲሆን ነገሩ ያስቅ ይሆናል። በሐኪም ላይ ሲሆን ግን በዕድል ያለፈው ሰው ነገ የእናታችንን ሕመም የሚመረምር ነው።

ፕሮፌሰር ሃርደንና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1975 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች ይዘጋጃሉ፤ ተማሪዎቹም ተራ በተራ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራሉ። ተማሪው በአንደኛው ጣቢያ በሽተኛውን ስለ ሕመሙ ይጠይቃል፤ በሌላው አንድ የሰውነት ክፍል ይመረምራል፤ በሌላው ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት አይቶ ይተረጕማል፤ ቀጥሎም ስላገኘው ነገር ተጠይቆ ይመልሳል። ፈታኙም ልቡ እንደ ወደደ ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈ ዝርዝር ላይ ምልክት እያደረገ ያርማል። ጊዜው ሲያልቅ ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይሸጋገራል። አንዱ ጣቢያ የከፋበት ተማሪ በሌላው ይክሳል። ይህ ፈተና ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት «ኦስኪ» ተብሎ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ በእኛም አገር የሕክምና ተማሪዎች ስሙ ሲጠራ ልባቸው ይመታል።

በዚህ ብቻ አላቆሙም። ሜዲካል ቲቸር የተባለውን መጽሔት ለብዙ ዓመታት አዘጋጅተዋል። በ2000 ደግሞ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋራ ሆነው መምህር ትምህርት ከመናገር ሌላ የሚሠራውን ሁሉ ቈጥረው 12 የሥራ ድርሻዎች አሉት ብለው ጻፉ። መምህራኖቻችን 12ቱንም በአንድ ደመወዝ እንደሚሠሩ እናውቃለን።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራው ስንት ነው ቢባል፣ የዛሬ ሊቃውንት የሚመልሱት በጥቅስ ቍጥር ነው። አንድ ጸሐፊ ከሌላው ሐሳብ ሲወስድ በጽሑፉ መጨረሻ ስሙን ይጠቅሳል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እነዚህ ጥቅሶች ተሰብስበው እንዲቈጠሩ በ1955 ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1960ዎቹም መዝገቡን ማሳተም ጀመሩ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ «ኤች» የተባለውን መለኪያ አወጡ። ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ቍጥሩ 20 ነው። እኛም በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሞከርነው። አንድ ሰው 5 ጽሑፎች ጽፎ 30፣ 12፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱለት ቍጥሩ 3 ይሆናል። የመጀመሪያው ጽሑፍ 30 ጊዜ መጠቀሱ ቀርቶ 3,000 ጊዜ ቢጠቀስስ? ያው 3 ነው! በዚህ ጊዜ ጠመኔውን የያዘው ጓደኛችን «እንግዲያውስ ዓለምን የለወጠ ጽሑፍና ዝም ብሎ የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ናቸው ወይ?» ሲል ጠየቀ፤ መልስም አላገኘንለትም።

ሌላም ጕድለት አለበት። መጠቀስ ሁሉ መመስገን አይደለም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋራ ያያያዘው በ1998 በላንሴት መጽሔት የወጣው ጽሑፍ በ2010 ተሽሯል፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ብዙዎቹም የጠቀሱት ሊነቅፉት ነው። ቈጣሪው መኪና ግን ነቀፋውንም ምስጋናውንም አንድ ብሎ ይቈጥራል። በሌላ በኩል እውነተኛ ጥቅም የሰጠ ሐሳብ ሲለመድ ባለቤቱ ይረሳል። ዛሬ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ጣቢያ የሚያዘጋጅ መምህር በ1975 የወጣውን ጽሑፍ አንብቦት ላያውቅ ይችላል፤ ደወሉን ይደውላል እንጂ የማንንም ስም አይጠቅስም። ያ ደወል በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ አይገባም።

እኛን ያስገረመን ይህ ነው። ተማሪ በአንድ በሽተኛና በአንድ ፈታኝ ቃል አይመዘን ብለው የተከራከሩ ሰው ራሳቸው በአንድ ቍጥር ይመዘናሉ። ቍጥሩ ይጣል አንልም፤ ቍጥር የሌለበት ቦታ ዝምድናና ወሬ እንደሚገባበት እናውቃለን። እርሱ ግን ከብዙ ጣቢያዎች አንዱ ይሁን እንላለን። ጽሑፉ በሌላው ጣቢያ ይነበብ፤ የተጠቀሙበት ተማሪዎች በሌላው ይጠየቁ።

የመጣንበትንም ልመና ሳንናገር አንወርድም። ክቡራን መምህራን፣ በሚመጣው ወር የቃል ፈተና የወረቀቱ ሣጥን ቀርቶ በላቦራቶሪው ውስጥ 6 ጠረጴዛዎች ይደርደሩልን። በአንዱ ማይክሮስኮፕ፣ በአንዱ የተሳለ ልብ፣ በአንዱ ሚዛን ቢቀመጥ ይበቃል። የማረሚያውን ዝርዝር ከመምህራኖቻችን ጋራ ሆነን በእረፍት ጊዜያችን ለመጻፍ ዝግጁ ነን። ደወሉም አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ዘበኛው የኛን ደወል እንደሚያውሱን ቃል ገብተውልናል።