የተራራ ብስክሌት ፔዳልና ጫማ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ሥርዓተ ምንኵስናን ካጸኑበት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሠፈር ተነሥቶ፣ ወደ አምባሰል ዳገት በብስክሌት ለመውጣት የሚያስብ ወጣት፣ ቅድመ ኵሉ ሊመረምር የሚገባው እግሩ የሚያርፍበትን ፔዳልና የሚጫማውን ጫማ ነው።

ፔዳሉ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው ጠፍጣፋ ሆኖ የጫማን ሶል የሚይዙ ጥቃቅን የብረት እሾሆች በገጹ ላይ ያሉት፣ ሁለተኛውም የጃፓኑ ሺማኖ በ1990 እ.ኤ.አ. ለተራራ ብስክሌት እንዳወጣው ያለ፣ ከጫማው ሥር በሁለት ብሎን ከታሰረች ትንሽ ብረት ጋራ የሚቆላለፍና ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር የሚለቅ ነው። በእኔ አስተያየት ግን፣ የክረምት ጭቃ መቆለፊያውን በሚያውክበት፣ ብስክሌትንም በትከሻ ተሸክሞ ድንጋያማውን አቀበት በእግር መውጣት ግድ በሚሆንበት በዚህ ሀገር፣ ለጀማሪ የሚሻለው ጠፍጣፋው ነው። ጫማውም ከሥሩ የሚይዝ ለስላሳ ጎማ፣ ከመካከሉ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በቀላሉ የሚተጣጠፍ ስስ ሶል በረዥም ዳገት ላይ ውስጥ እግርን ያሳምማልና። ማሰሪያውም በሰንሰለቱ እንዳይጠለፍ ወደ ውስጥ ይከተት።

ፔዳል ለመለወጥ የምትሹ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ፣ የሚፈታው ሰዓት ቈጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ በሌላው ወገን በኃይል ያዞረ ሰው ግን ይብሱን ያጠብቀዋል።