የዕድራችን መዝገብ ከተበላሸው ላፕቶፕ ስለ መመለሱ
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ማብራሪያ፤ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ የተለጠፈ)



እንደሚታወቀው ሁሉ የአባላት ስም፣ የየወሩ መዋጮና ለኀዘንተኛ የተከፈለው ገንዘብ ተመዝግቦ የሚገኘው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ይህችው ላፕቶፕ በሰኔ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኳ ተበላሽቶ አልነሣ አለች። ወዲያውም «መዝገቡ ጠፋ፣ የከፈልነው ውኃ በላው» የሚል ወሬ በየቤቱ ስለ ተነዛ፣ እውነቱን ለመናገር ቀርበናል። መዝገቡ አልጠፋም። እስከ መጋቢት 30 ያለው በሙሉ ተመልሷል። የቀረው የሚያዝያና የግንቦት መዋጮ ነው፤ እሱንም ከእናንተ ጋር ሆነን እንሞላዋለን።

ለመሆኑ ሃርድ ዲስክ ምንድን ነው? በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነብበውና የሚጽፈው ጫፍ ግን እንደ ሸክላው መርፌ አይነካውም፤ ከአቧራ ቅንጣት ባነሰ ክፍተት ተንሳፎ ይሄዳል። ታዲያ ማሽኑ ሲወድቅ ወይም ሲያረጅ ጫፉ ሰሌዳውን ይፍቀዋል፤ በተፋቀው ቦታ የነበረው ጽሑፍ አይመለስም። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪዋ ስለሚደክም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ጽፋ ሳትጨርስ ድርግም ትላለች። ይህ ሲደጋገም ፋይል ይበላሻል።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ትናንት የተከፈተው ዛሬ አልከፈት ይላል። እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል። ያልተቀዳ ነገር ካለ ቶሎ አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ነው። ማሽኑ «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አትበሉት። ዲስኩን ፈትቶ ውስጡን ማየትም አይገባም፤ አቧራ ገባ ማለት አበቃ ማለት ነው።

አሁን መዝገቡ እንዴት እንደ ተመለሰ እንንገራችሁ። የዳነው በሙያ ብልጫ አይደለም፤ በመጋቢት መጨረሻ በተንቀሳቃሽ ዲስክ የተወሰደ ቅጂ በገንዘብ ያዡ ቤት ስለ ነበረ ነው። መጀመሪያ የሞተው ዲስክ ወጥቶ በኤስኤስዲ ተተካ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መናጥን ይችላል፣ አሮጌውንም ማሽን ያፈጥነዋል። ቀጥሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በፍላሽ የተዘጋጀ ሊኑክስ ሚንት የተባለ ነፃ ሥርዓት ተጫነ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃና ላፕቶፗ ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን ስለማታሟላ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ ከቅጂው ተገለበጡ።

እዚህ ላይ አንድ ድንጋጤ ነበር። የመተዳደሪያ ደንባችን ሲከፈት አማርኛው ቀርቶ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። ጽሑፉ ግን አልተበላሸም። የተጻፈው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበረው በቪዥዋል ግዕዝ ስለ ሆነ፣ የፊደሉ ፋይል አብሮ ካልተጫነ አይነበብም። ፊደሉ ሲጫን ደንቡ ተነበበ። በየቤታችሁ የቆየ ጽሑፍ ያላችሁ ሁሉ ፊደሉንም አብራችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻም ድምሩ ከገንዘብ ያዡ ደብተርና ከባንክ ደብተሩ ጋር ተመሳክሮ፣ እስከ መጋቢት 30 ያለው ልክ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መዝገቡ ተመለሰ ለማለት የደፈርነው ከዚህ በኋላ ነው።

ወገኖቻችን፣ ይህ ለአካባቢያችን አዲስ ትምህርት አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. እዚሁ ደምቢያ ውስጥ ከሳር ውኃ ጦርነት በኋላ ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ፣ ስንት የብራና መጽሐፍ አብሮ ነደደ! በአንድ ቤት ብቻ የነበረ መጽሐፍ ከቤቱ ጋር ሄደ፤ በሌላ ደብር የተቀዳ ግን ቃሉ ተረፈ። ኋላም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን የሚገኙ ብዙ ሺህ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ብዙዎቹንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እየመረመሩ በዝርዝር መዝግበዋቸዋል። ገበሬውስ ቢሆን ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ አይደል የሚያኖረው? ቅጂም እንዲሁ ነው። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ በሌላ ስም የተቀመጠ ፋይል ቅጂ አይባልም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርበናል፦

1ኛ/ ቅጂ በየሩብ ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ መዋጮ በተሰበሰበ ማግስት ይወሰድ።

2ኛ/ ከላፕቶፑ ሌላ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በገንዘብ ያዡ ቤት፣ ሁለተኛው ጎንደር ከተማ በሚኖር አባል ዘንድ ይቀመጥ። ዲስኩ ከተገለበጠ በኋላ ይነቀል፤ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱም የመብራቱም ጣጣ ያገኘዋል።

3ኛ/ በየሦስት ወሩ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

4ኛ/ የምሥጢር ቃሉ በፖስታ ታሽጎ በሰብሳቢው እጅ ይቆይ።

5ኛ/ የአባላት ዝርዝር በዓመት አንድ ጊዜ በወረቀት ታትሞ ይፈረምበት።

የሚያዝያንና የግንቦትን መዋጮ የከፈላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ እስከ ሐምሌ 15 ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ብቅ በሉ። ደረሰኝ የጠፋበት አባል አይስጋ፤ በገንዘብ ያዡ እጅ ያለው ጉርድ ይታይለታል። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነገ ኀዘን የገባበት ቤት «ከፍለሃል፣ አልከፈልህም» የሚል ክርክር ውስጥ እንዳይወድቅ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ጽሑፉም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲኖረው ነውና፣ አደራ፣ ደረሰኛችሁን አምጡ።


የዕድሩ ጽሕፈት ክፍል