የመለኪያ ሰሌዳና ወዳጅነት
ስለ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበራዊ ኑሮ በመሐንዲሶች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ትንንሽ ባቡሮች መናገር ለአንዳንድ አድማጭ የልጆችን መጫወቻ ወደ ሸንጎ ማቅረብ መስሎ ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የዕለት ተግባራቸውን ጨርሰው በምሽት እየተሰበሰቡ ሐዲድ የሚዘረጉ፣ ሽቦ የሚበይዱ፣ ፉርጎና ሎኮሞቲቭ የሚሠሩ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በረጅም ዘመን ልምድ ያዳበሩት አንድ መልካም ልማድ አላቸው፤ ይኸውም የወዳጅን ሥራ ጉድለት ወዳጅነቱን ሳያጎድሉ መናገር ነው። ልማዱ በሥራ ምክንያት ለተገናኘ ማንኛውም ማኅበር የሚጠቅም ስለሆነ፣ ከምን እንደ መነጨና በምን እንደሚጸና መመርመሩ ተገቢ ይሆናል።

የሥራው ጠባይ

ሞዴል ባቡር መሥራት ማለት እውነተኛውን ባቡር በተወሰነ ስኬል አሳንሶ፣ ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያው፣ ከነድልድዩና ከነተራራው በእንጨት መድረክ ላይ አቁሞ በኤሌክትሪክ ኃይል ማንቀሳቀስ ነው። መርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ እየተቀጣጠለ የሚረዝም ሐዲድ ያለው ባቡር ለገበያ አቀረበ። ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 የሞዴል ባቡር ክበብ ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ አገር የተለመደው ስኬል 1 ለ87 ነው። በዚህ ስኬል 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሎኮሞቲቭ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው የመደበኛ ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንድ የቅርብ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ይህ መስመር በ1 ለ87 ስኬል ሳይቆራረጥ ይሠራ ቢባል ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መድረክ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ማንኛውም ሠሪ አንዲት ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ ወይም አንድ የተራራ ዳገት መርጦ ሌላውን ለመተው ይገደዳል። ያቺው አንዲት ጣቢያ እንኳ የአናጢን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያን፣ የሠዓሊንና የመካኒክን እጅ ትፈልጋለች። እነዚህን ሁሉ ሙያዎች በአንድነት የያዘ ሰው እምብዛም አይገኝም። በኢትዮጵያ ገበሬ አዝመራው ሲበረታበት ደቦ እንደሚጠራ፣ ሞዴል ባቡር ሠሪም ጎረቤቱን የሚጠራው በመጀመሪያ ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራ ነው። ጨዋታው ሥራውን ተከትሎ ይመጣል።

ነገር የምትፈታው ሰሌዳ

ይሁንና እጅ ለእጅ መያያዝ ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ መንኰራኩሩንና ማያያዣውን በራሱ ልክ ይሠራ ስለነበረ፣ ከአንዱ ፋብሪካ የወጣ ፉርጎ ከሌላው ፋብሪካ ሎኮሞቲቭ ጋር የማይቀጠልበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ወዳጅ ባቡሩን ይዞ መሄድ ይቸግረው ነበር። ይህን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1935 ሚልዋኪ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የአገሪቱ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩም የሐዲዱን ስፋት፣ የመንኰራኩሩን ቅርጽና በመንኰራኩሮቹ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስኑ ደረጃዎችን አወጣ።

ከእነዚህ ደረጃዎች ጋር አንዲት ትንሽ መሣሪያ ተያይዛ መጣች። መሣሪያዋ በጠርዟ ልዩ ልዩ ጥርሶችና ክፍተቶች ያሏት፣ በእጅ መዳፍ የምትያዝ የብረት ሰሌዳ ናት። አንዱ ጥርስ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ሲገባ ስፋቱ ትክክል መሆኑን ይመሰክራል፤ አንዱ ክፍተት ደግሞ መንኰራኩሩ በልኩ መቀመጡን ያሳያል። ዋጋዋ አነስተኛ፣ አገልግሎቷም ግልጽ ነው። በማኅበራዊ ኑሮ ረገድ የሠራችው ሥራ ግን ከመጠኗ በእጅጉ ይበልጣል።

እንደሚታወቀው በሞዴል ባቡር ሥራ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ችግር የፉርጎ ከሐዲድ መውጣት ነው። ፉርጎው የአንድ ሰው፣ ሐዲዱ የሌላ ሰው በሆነ ጊዜ ደግሞ ክርክር ይነሣል። ባለፉርጎው ሐዲዱን ይወቅሳል፤ ባለሐዲዱ ፉርጎውን ይወቅሳል። ሁለቱም ለሥራቸው ብዙ ሌሊት ያመሹ ናቸውና ወቀሳው ወደ ልብ ይገባል። ሰሌዳዋ ባትኖር ኖሮ ከሁለት አንዱ መሆኑ አይቀርም ነበር፤ ወይ ጠብ ይነሣል፣ ወይም በይሉኝታ ዝም ተብሎ ያው ፉርጎ በያው ቦታ ሲወድቅ ይኖራል። አሁን ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። ሰሌዳዋ ከኪስ ትወጣለች፤ መንኰራኩሩም ሐዲዱም ይለካሉ፤ የጠበበው ይሰፋል፣ የሰፋው ይጠባል። አንተ አጠፋህ የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም።

በብዙ ክበቦች የሚሠራበት ሌላም ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ፉርጎ የሚሄድበትን ጣቢያና የሚጭነውን ዕቃ የሚናገር ካርድ ይኖረዋል። ፉርጎው ቢበላሽ፣ ችግሩን ያየው ሰው ማያያዣው ዝቅ ብሏል፣ ወይም መንኰራኩሩ አይሽከረከርም ብሎ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከካርዱ ጋር ያያይዘዋል። ፉርጎውም ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ከሥራ ይወጣል። የራሱን ፉርጎ እንዲህ ያለ ወረቀት ተያይዞበት የሚያገኝ ሰው አይቀየምም፤ እንዲያውም ወረቀት ሳይጻፍለት ቢቀርና በሚቀጥለው ምሽት ባቡሩ በሰው ፊት ቢወድቅ ነው የሚያዝነው።

የአንድ ምሽት ሥራ

የክበብ ኑሮ ዋነኛ ጊዜ ባቡሮቹ በሰዓት የሚሠሩበት ምሽት ነው። ፍራንክ ኤሊሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት በጻፋቸው ጽሑፎች የባቡሩን መድረክ ከቲያትር መድረክ ጋር አመሳስሎት ነበር። በእርሱ አስተያየት ባቡሮቹ ተዋንያን ሲሆኑ፣ የጉዞው ሰሌዳ ደግሞ የድርሰቱ ሐሳብ ነው። ይህ አስተሳሰብ ባቡርን በክብ ሐዲድ ላይ እያዞሩ ከማየት አልፎ የጋራ ሥራን አመጣ። አንዱ የጉዞ ተቆጣጣሪ፣ ሌላው የጣቢያ ኃላፊ፣ የቀሩት ነጂዎች ይሆናሉ። የግድግዳው ሰዓት ከእውነተኛው አራት ወይም ስድስት እጥፍ ፈጥኖ ይሄዳል። በቀን ተግባሩ የባንክ ሹም የሆነ ሰው በምሽቱ የጡረተኛውን መካኒክ ትእዛዝ ተቀብሎ ፉርጎ ሲያቀናጅ ያመሻል።

የኤሌክትሪኩ ጠባይ ራሱ መነጋገርን ያስገድድ ነበር። በቀድሞው አሠራር በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚሠራው ሐዲድ በክፍል በክፍል ይለያይ ስለነበር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የገቡ ሁለት ሎኮሞቲቮች በአንድ እጅ ይታዘዙ ነበር። ስለዚህ ነጂው ወደ ጎረቤቱ ክፍል ከመሻገሩ በፊት ማስታወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ማኅበር ሌንትስ የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ሥራ መሠረት አድርጎ የዲጂታል መቆጣጠሪያ ደረጃ ካወጣ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ለብቻው የሚታዘዝ ሆነ። ዳሩ ግን አዲሱ ነፃነት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የመጋጨት ዕድልም ጨመረላቸው። የንግግሩ ጉዳይ ተለወጠ እንጂ ንግግሩ ራሱ አልቀረም።

በዚህ ረገድ ለመሐንዲሶች የሚጠቅም ታሪክ ያለው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው የተማሪዎች ሞዴል ባቡር ክበብ ነው። አባላቱ በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ አንደኞቹ ከመድረኩ በላይ ቤቱንና ተራራውን የሚያሳምሩ፣ ሁለተኞቹ ከመድረኩ በታች በስልክ ሪሌዎች የተሞላውን የመቆጣጠሪያ መረብ የሚሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በነበረው ልማድ አንድ አዲስ አባል የክፍሉን ቁልፍ የሚያገኘው በመድረኩ ላይ 40 ሰዓት ከሠራ በኋላ ነበር። ቁልፉ በአባትም በገንዘብም አይገኝም ነበር። በክፍሉ ዙሪያ የአደጋ ማቆሚያ ማብሪያዎች የነበሩ ሲሆን፣ ባቡር ሊጋጭ መሆኑን ያየ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ሁሉም ነገር ይቆም ነበር፤ በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው ሰዓትም ጊዜ መቁጠሩን ትቶ «ፉ» የሚል የቀልድ ቃል ያሳይ ነበር። ጥፋት በሳቅ ታውጆ በሥራ ይታረማል ማለት ነው። ከመድረኩ በታች ያመሹ የነበሩት ወጣቶች ከጊዜ በኋላ ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተር መልሰው፣ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1962 የታወቀውን «ስፔስዎር» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሠሩት መካከል ሊሆኑ በቅተዋል።

የሚለካውና የማይለካው

መለኪያ ያለ አግባብ ሲሠራበት ወዳጅነትን እንደሚያፈርስ መዘንጋት አይገባም። በሞዴል ባቡር ሠሪዎች መካከል «ሪቬት ቆጣሪ» እየተባለ የሚቀለድበት የሰው ዓይነት አለ። ይህ ሰው የሌላውን ሎኮሞቲቭ ባየ ቁጥር የጎደለውን ሪቬት፣ የተሳሳተውን ቀለምና የዘመኑን አለመገጣጠም ይዘረዝራል። የሚናገረው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ሆኖም ሎኮሞቲቩ እየሄደ ነው፣ ሌላውንም ባቡር አላሰናከለም። እንዲህ ያለ ሰው የበዛበት ክበብ ጀማሪዎችን ያሸሻል።

ለዚህ ችግር መልካም መፍትሔ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን የተመሠረተው ፍሬሞ ነው። ሙሉ ስሙ ሲተረጎም «የአውሮፓ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች የወዳጆች ክበብ» ማለት ነው። አባሉ በቤቱ የሚሠራው አንድ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ መድረክ ነው። ቁራጩ የሚጋጠምበት ጫፍ፣ የሐዲዱ ከፍታና የኤሌክትሪኩ መገናኛ በደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ሜዳ ቢያደርገው፣ ጫካ ቢያደርገው፣ ሐዲዱን ቢያጎብጠው ምርጫው የራሱ ነው። ከልዩ ልዩ ከተሞችና አገሮች የመጡ አባላት ሰፊ አዳራሽ ተከራይተው ቁራጮቻቸውን ሲያጋጥሙ ረጅም መስመር ይወጣዋል፤ ከዚያም በጉዞ ሰሌዳና በጭነት ካርድ ለቀናት ይሠሩበታል። ቋንቋቸው የተለያየ ቢሆንም ጫፋቸው አንድ ነው። እንግዲህ ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ሰውና ሰው የሚገናኙበት ቦታ ያለ ርኅራኄ ይለካ፤ ሌላው ለባለቤቱ ይተው።

ስለ መለያየት

ይህ ወዳጅነት የሚፈተንበት ሌላው ጊዜ ሥራው ሲጠፋ ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬ ከተማ ይኖር የነበረው ፎቶግራፍ አንሺው ጆን አለን ለረጅም ዓመታት በቤቱ የሠራው መድረክ በአሜሪካ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ነበር። ወዳጆቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ባቡሮቹን ይነዱለት ነበር። አለን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ዐረፈ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም ቤቱ ላይ እሳት ተነሥቶ መድረኩን አጠፋው። የቀረው ፎቶግራፉ፣ ጽሑፉና በወዳጆቹ እጅ የገባው የአሠራር ልማድ ነው። የማሳቹሴትሱም ክበብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የኖረበት ሕንጻ 20 እ.ኤ.አ. በ1998 ሲፈርስ ማኅበሩ አልፈረሰም፤ በሌላ ሕንጻ ውስጥ እንደገና ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ።

በየክበቡም አንድ አባል ሲሞት ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ዋጋውንና ስሙን የማያውቀው በመቶ የሚቆጠር ፉርጎና ሎኮሞቲቭ ይቀራል። ያን ጊዜ ጓደኞቹ እየመጡ ዕቃውን ይለያሉ፣ ይመዘግባሉ፣ በተገቢው ዋጋ እንዲሸጥም ይረዳሉ። የዕድር ሥራ ከዚህ ብዙም አይለይም። ሟቹ የሠራው ፉርጎ በሌላ ሰው ሐዲድ ላይ መሄዱን የሚቀጥለው ደግሞ መንኰራኩሩ በጋራው ልክ ስለተሠራ ነው።

መደምደሚያ

የምሕንድስና ሥራ ከሞዴል ባቡር የሚለየው በሚያደርሰው ጉዳት መጠን ነው። የመድረኩ ፉርጎ ቢወድቅ በጣት ይነሣል፤ በይሉኝታ የታለፈ የንድፍ ስሕተት ወይም ሳይለካ የተፈረመ የኮንክሪት ሥራ ግን በሰው ላይ ይወድቃል። ባልደረባን ላለማስቀየም ዝም ማለት በአገር ልማድ እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ኑሮ የሚያስተምረው ግን ጨዋነት በዝምታ እንደማይጸና ነው። የጋራ መለኪያ ባለበት ሥራው ይተቻል፣ ሰውየው ይከበራል፤ የጋራ መለኪያ በሌለበት ግን ትችት ሁሉ ስድብ፣ ዝምታም ሁሉ ክህደት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ የሙያ ማኅበር አባላቱን በዓመት አንድ ቀን ለምሳ ከመሰብሰብ ይልቅ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ በጋራ ደንብ የሚመረምርበት ቋሚ ምሽት ቢያዘጋጅላቸው፣ ወዳጅነቱም ሙያውም አብሮ ያድጋል። ጠረጴዛና አምፖል ይበቃሉ፤ መለኪያዋ ግን በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ መገኘት አለባት።