ካሜራው እምቢ ሲል፦ የፎከስና የሹተር ችግሮች በቅርስ ምዝገባ ሥራ



በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ወይም የወለጋ ሙዚየምን ቅርሶች ለመመዝገብ አዲስ ዲጂታል ካሜራ ይዞ የሚወጣ ተማሪ ሁለት አቤቱታ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ «ምስሉ ደበዘዘ»፣ «ቁልፉ አላነሣ አለ»። ወዲያውም ካሜራው ተበላሽቷል ይባላል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ቅርስ ሲጎዳ ጠጋኙ የሚመለከተው ማስረጃ ይኸው ምስል ነውና። ሆኖም ወደ ጥገና ቤት ከመሮጥ በፊት ካሜራው ለምን እምቢ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

የማንሻው ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። በግማሽ ሲጫኑት ካሜራው ፎከሱን ይፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ያነሣል። በተለመደው አሠራር ፎከሱን ካላገኘ ሹተሩ አይከፈትም። አውቶማቲክ ፎከስ የሚመራው በብርሃንና በጥላ ልዩነት ስለሆነ ልሙጥ ግድግዳ ወይም ጨለማ ማዕዘን ሲገጥመው ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይቆያል። እንግዲህ የፎከሱን ነጥብ በዚያው ርቀት ባለ የበር መቃን ጠርዝ ላይ አሳርፉ፤ ቁልፉን በግማሽ እንደያዛችሁ ምስሉን አስተካክሉ። ከካሜራው ጋር የሚሸጡት ሌንሶችም ብዙዎቹ ከ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጥ ሲቀርቡ አያዩም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በሌንሱ ጎን ያለችው ማብሪያ መሰል መቀየሪያ በቦርሳ ውስጥ ተገፍታ ወደ «በእጅ» ከዞረች ግን ካሜራው ያለ ተቃውሞ ያነሣል፤ ምስሉ ሁሉ ይደበዝዛል።

ድብዘዛ ሁሉ አንድ አለመሆኑን አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። ምስሉን አጉልታችሁ እዩት። ከተፈለገው ነገር ፊት ወይም ኋላ ያለው ጥርት ብሎ ከታየ ስሕተቱ የፎከስ ነው። አንዳችም የጠራ ነገር ከሌለ፣ የብርሃን ነጥቦችም እንደ ክር ከተሳቡ፣ የተንቀጠቀጠው እጅ ነው። በጨለማ ክፍል ካሜራው ሹተሩን ለ1/8 ሰከንድ ክፍት ሊያደርግ ይችላል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እጅ በደኅና የሚችለው 1/80 ገደማ ነው። አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ይረዳል። ቅርስ ግን አይንቀሳቀስምና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ይሻላሉ። ፍላሽ በመስታወት ሣጥን ላይ የሚያተርፈው ነጸብራቅ ብቻ ነው።

በወለጋ ክረምት ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፤ አትጥረጉት፣ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እስኪሞቅ ጠብቁት።

በፍላሽ ስታነሡ በምስሉ ላይ ጥቁር ግርፍ ከታየ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/200 በታች አውርዱ። ያለ ፍላሽም ግርፉ ከቀጠለ በእርግጥም መጋረጃው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ በጣት አትንኩት፣ በአፍም አትንፉበት፣ ወደ ጥገና ቤት ውሰዱት።